ቡሬና ዳማ ለምን ተጣሉ? ለዓመታት ተስማምተው የኖሩ ጥንቸሎች ሲነካከሱ ምን ይደረግ

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩ አንዲት እናት የደረሰኝ ነው፤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። «የ5 ዓመቱ ቡሬና የ4 ዓመቷ ዳማ ለ3 ዓመት በአንድ ክፍል፣ ከአንድ የድርቆሽ ሣጥን እየበሉ፣ ጎን ለጎን እየተኙ ኖረዋል። ቡሬ የተኮላሸ ነው፤ ዳማም ስንወስዳት የመከነች (ማኅፀኗ በቀዶ ጥገና የወጣ) ናት ተብለን ነበር። ባለፈው ሐሙስ ቡሬ የመንጋጋ ጥርሱ ሾሎ ምላሱን ስለወጋው፣ ጥርሱን ለማስሞረድ ክሊኒክ አድሮ ተመለሰ። ከሣጥኑ ወጥቶ ገና ሲራመድ ዳማ ጠጋ ብላ አሸተተችውና ተወርውራ ጀርባውን ነከሰችው፤ ክብ እየሠሩ ሲባሉ ምንጣፉ ፀጉር በፀጉር ሆነ። ለያይተን አስቀመጥናቸው፤ ትናንት ስንሞክር ግን እንደገና ተናከሱ። እናቴ ‹ጥርስና ምላስም ይጋጫል፤ ተዋቸው፣ ራሳቸው ይታረቃሉ› ይላሉ። ባለቤቴ አንዱን ለሰው እንስጥ ይላል። የ10 ዓመት ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ቡሬ ጀርባው ላይ የተነከሰበት ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ለልጄ ታዝዞ የተረፈ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ አለኝ፤ ብሰጠው ይጎዳዋል?»

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ ሌላው ጉዳይ ጥቂት ቀን ቢቆይ ግድ የለም፣ ይህኛው ግን የቡሬን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። አሞክሲሲሊኑን አይስጡት። ጥንቸል የምትበላውን ሣርና ድርቆሽ የሚያብላላላት በዕውር አንጀቷ ውስጥ የሚኖር እጅግ ብዙ ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። አሞክሲሲሊንን የመሰሉ የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲን፣ በአፍ ሲሰጡ ይህን ተሕዋስ ይፈጁትና ክሎስትሪዲየም ለሚባሉት መርዝ አመንጪ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይለቁላቸዋል፤ ተቅማጥ ይከተላል፣ እንስሳዋም በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ለልጅ የተስማማ መድኃኒት ለጥንቸል መርዝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለጥንቸል የሚስማሙ አንቲባዮቲኮች አሉ፤ እነርሱን መዝኖ የሚያዝዘው ግን ቡሬን በእጁ የዳሰሰ ሐኪም ነው።

ቁስሉም «ትንሽ ቀዳዳ» ስለሆነ ብቻ አይናቅ። የጥንቸል ቆዳ ስስ ነው፤ ጥርሷ ደግሞ ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ላዩ ቶሎ ሲደርቅ ጀርሙ ከሥር ታፍኖ ይቀራል። የጥንቸል መግል እንደ ሰው መግል ቀጭን ሆኖ አይፈስም፤ እንደ አይብ የረጋ ስለሆነ ከቆዳው ሥር ይጠጥራል፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላም ጠንካራ እብጠት ሆኖ ይወጣል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ፀጉሩን እፍ እያሉ እየገለጡ መላ አካላቱን ይመልከቱ፤ ጆሮውን፣ የዓይኑን ቆብ፣ ሆዱን፣ ብልቱን፣ የእግሮቹን ውስጥ። አንድ ቀዳዳ ከታየ ያልታየ ሌላ ሊኖር ይችላል። ያገኙትን በሳላይን (ለቁስል ማጠቢያ በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ብቻ ያጥቡት፤ ኦክሲጅን ውሃና አልኮል አያፍስሱበት፤ ሕመም ማስታገሻ ወይም ስቴሮይድ ያለበትን የሰው ቅባትም አይቀቡት፣ ስለሚልሰው። ነገ ሐኪም ይየው። እስከዚያው ሁለቱም እየበሉና በጠጥ እየጣሉ መሆናቸውን ይከታተሉ፤ ጠብ የሚያመጣው ድንጋጤ ራሱ የጥንቸልን አንጀት ሊያቆመው ይችላል፤ ለ12 ሰዓት ያህል ያልበላች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል እስከ ማግስቱ የምትጠበቅ አይደለችም፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እናትዎ የጠቀሱት አባባል ለጥንቸሎችም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ለአንድ ዓይነት ጠብ ብቻ ነው። ባለፉት 3 ዓመታት ምሽት ላይ ሶፋዎ ላይ ተቀምጠው ደጋግመው ያዩትን ያስታውሱ። አንደኛው ጥንቸል ይመጣና አንገቱን ዝቅ አድርጎ አገጩን ምንጣፉ ላይ ይደፋል፤ «ላሺኝ» ማለቱ ነው። ሌላኛዋ ዝም ካለች በአፍንጫው ጎሸም ያደርጋታል። አሁንም ዝም ካለች ትከሻዋን ነከስ ያደርጋታል፤ እርሷም ብድግ ብላ ሁለት እርምጃ ትርቃለች፣ ወይም ደግሞ ግንባሩንና የዓይኑን ዙሪያ መላስ ትጀምራለች። ነገሩ በዚያው ያልቃል። አንዱ የሌላውን ጀርባ መፈናጠጡም፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ማባረሩም፣ በጥርስ ጥቂት ፀጉር ነቅሎ መትፋቱም ከዚህ ወገን ነው፤ ማን አለቃ ማን ምንዝር እንደሆነ የሚወስኑበትና በየጊዜው የሚያድሱት ቋንቋቸው ነው። የተኮላሹ ጥንቸሎችም፣ ሴቶችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ነገሩ ከመራባት ይልቅ ከደረጃ ጋር የተያያዘ ነውና። በዚህ ጊዜ እናትዎ እንዳሉት መተው ነው፤ እንዲያውም በየደቂቃው እየገባን ስናቋርጣቸው ጨርሰው የማያውቁትን ክርክር በማግስቱ እንደገና ይጀምሩታል።

የርስዎ ጥንቸሎች ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነው። እኔ ሁለቱን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ የሚሸሸው ሲሸሽ የሚያባርረው ይተወዋል ወይስ አይተወውም? ሸሽቶ መገላገል ከቻለ ነገሩ ንትርክ ነው። አሳዳጁ ጥግ ድረስ ተከትሎ የሚነክስ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ኋላ ለጥፈው፣ ጅራታቸውን ቀስረው፣ እያጉረመረሙ እርስ በርስ ተቆላልፈው ክብ የሚሠሩ ከሆነ፣ ያ ውጊያ ነው። በዚህ ዓይነት ጠብ የሚነከሰው ሆድ፣ ብልትና የጆሮ ሥር ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥም ከባድ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። «ራሳቸው ይታረቃሉ» ብሎ መተው እዚህ ላይ አይሠራም፤ የተሸነፈው ጥንቸል በጫካ ቢሆን ሮጦ ሌላ ጉድጓድ ይገባ ነበር፣ በአፓርትመንት ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም። ጠቡ በተደጋገመ ቁጥርም ፍርሃቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ትናንት ያደረጉትን ሙከራ ዛሬ ወይም ነገ እንዳይደግሙት የምለምንዎ ለዚህ ነው።

በጠብ መካከል እጅዎን አያስገቡ። በንዴት የተነከሰ ጣት ክፉኛ ይቆስላል፤ ልጅዎም ቀድማ ለመገላገል የምትሮጠው እርሷ ልትሆን ስለምትችል ከአሁኑ ይንገሯት። ወፍራም ፎጣ ይጣሉባቸው፣ ወይም ትራስ በመሐላቸው ይክተቱ። ከዚያ አንዱን ደረቱንና ኋላውን ደግፈው ያንሡት። በጆሮ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም፤ ሲያነሡትም ኋላ እግሩ ካልተደገፈና በአየር ላይ ከተራገጠ የወገቡ አጥንት ሊሰበር ይችላል።

ታዲያ 3 ዓመት ተቃቅፈው የተኙ እንስሳት በአንድ ሌሊት እንዴት ጠላት ሆኑ? ለባለቤቶቻቸው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ዳማን «ክፉ ሆነች» ብለው እንዳያዝኑባት ምክንያቱን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ጥንቸል ጓደኛዋን የምታረጋግጠው ከሁሉ በፊት በአፍንጫዋ ነው። ከአገጭ ሥር፣ በብልት ግራና ቀኝና በፊንጢጣ አጠገብ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት፤ ወንበሩን፣ በሩን፣ ጫማዎን በአገጯ ስታሽ ያዩዋት «ይህ የኛ ነው» እያለች ነው። አብረው የሚኖሩ ጥንቸሎች እየተላላሱና እየተደጋገፉ ሲተኙ ሽታቸው ይቀላቀልና የጋራ የቤት ሽታ ይሆናል። ቡሬ ሐሙስ ጠዋት ሲወጣ ይህን ሽታ ለብሶ ነበር። ዓርብ ሲመለስ ግን የማደንዘዣው፣ የፀረ ተሕዋስ ፈሳሹ፣ የጓንቱ፣ በአጠገቡ ያደሩት የውሾችና የድመቶች ሽታ ሁሉ ፀጉሩ ላይ ነበር። በዚህ ላይ የጥንቸል ዓይን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሰፊ ቦታ ቢያይም ልክ ከአፍንጫዋ ፊት ያለውን ነገር ግን አያይም። ዳማ ጠጋ ብላ ያሸተተችው ቡሬን ሳይሆን ብቻዋን ባደረችበት ቤት ውስጥ የገባ፣ ውሻ ውሻ የሚል እንግዳ ነው። እንደ ማንኛዋም ቤቷን እንደምትጠብቅ ሴት ጥንቸል ተከላከለች።

ይህ ማብራሪያ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ሽታ ብቻ ቢሆን ትናንት፣ ከቀናት በኋላ፣ በዚያው ኃይል ባልተናከሱ ነበር። ስለዚህ የሁለቱም አካል መታየት አለበት። ለረጅም ጊዜ በሰላም የኖሩ ጥንቸሎች በድንገት ሲጣሉ ከጠባያቸው በፊት ጤናቸውን እመረምራለሁ፤ በሥራዬ ውስጥ ይህን ቅደም ተከተል ባልጠበቅሁባቸው ጊዜያት ተጸጽቻለሁ። በመጀመሪያ ዓመታቴ ሁለት እህትማማች ጥንቸሎች ተጣልተው መጡልኝ፤ ቁስላቸውን አክሜ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ መልሳችሁ አገናኟቸው ብዬ ሰደድኋቸው። ተመልሰው ሲመጡ የአንደኛዋ የጆሮ ጫፍ ተቆርጦ ነበር። ያን ጊዜ ነው ቀድሞ ማየት የነበረብኝን ያየሁት፤ የምትነክሰው ጥንቸል የጆሮ ውስጥ ኢንፌክሽን ነበረባት፣ ጓደኛዋ ልትልሳት በቀረበች ቁጥር ያመማት ነበር። ጆሮዋ ከዳነ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ታረቁ። ጥንቸል በአዳኝ የምትበላ እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ ለሰው የምትደብቀውን ግን አብሯት ለሚኖረው ጥንቸል መደበቅ አትችልም።

በቡሬ በኩል የሚታየው ጥርሱ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የመንጋጋ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተፋጭተው ካልተሟረዱ ጫፋቸው እንደ መርፌ ሾሎ ምላስንና ጉንጭን ይወጋል። ተሞርዶለት ቢመጣም የምላሱ ቁስል ለቀናት ያመዋል፤ የሕመም ማስታገሻ ታዞለት እንደሆነና በትክክል እየወሰደው እንደሆነ ያረጋግጡ። አገጩ ከረጠበ፣ ድርቆሹን ትቶ ለስላሳውን ብቻ ከመረጠ፣ በጠጡ ካነሰ ወይም ቁጥሩ ከቀነሰ አፉ ገና አልዳነም። የሚያመው ጥንቸል አይልስም፣ ሲላስም ይቆጣል፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ደክሞና ተጎብጦ ሲቀመጥ ደረጃው እንደላላ ይቆጠራል፤ ሥር የነበረችው ዳማ ለላይኛው ቦታ ትሞክራለች።

ዳማን በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገርዎ አሳስቦኛል። «የመከነች ናት ተብለን ነበር» ብለዋል፤ የሐኪም ወረቀት አይታችኋል? በአደራ ሲሰጥ «ተደርጎላታል» የተባለ ግን ያልተደረገላት ሴት ጥንቸል ከአንድ ጊዜ በላይ ገጥሞኛል፤ ማንም ሊዋሽ አስቦ ሳይሆን ጥንቸሏ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ መረጃው ስለሚዛባ ነው። አሁን ወቅቱ የጸደይ መጀመሪያ ነው፤ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ማኅፀኗ ያልወጣ ሴት ጥንቸል ክልሏን አጥብቃ ትጠብቃለች፤ የመከኑትም እንኳ በዚህ ወቅት ቆጣ ቆጣ ሲሉ አያለሁ። ድርቆሽ በአፏ ይዛ ስትዞር፣ የሆዷን ፀጉር እየነቀለች ጎጆ ስትሠራ ካዩ የሐሰት እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ከ16 እስከ 18 ቀን ያህል ይቆያል፣ በዚያ ጊዜም ማንም እንዲጠጋት አትፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልመከኑ ሴት ጥንቸሎች ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት ሲያልፍ የማኅፀን ካንሰር እጅግ ይበዛባቸዋል፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይይዛል። ዳማ በዚሁ ዕድሜ ላይ ናት። ስለዚህ ለቡሬ ቁስል በሚሄዱበት ቀን እርሷም በአልትራሳውንድ ትታይ። በሽንቷ ላይ ደም ካዩም ይናገሩ፤ የጥንቸል ሽንት ከምትበላው አትክልት የተነሣ ያለ በሽታ ሊቀላ ስለሚችል ግን መለየቱን ለምርመራው ይተዉት። ካልመከነች ቀዶ ጥገናው ይደረግላት፤ የጠባይ ለውጡን ግን በማግስቱ አይጠብቁ፣ ሆርሞኑ ከሰውነቷ እስኪጠፋ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል።

ሐኪሙ ሁለቱንም ካየና የሚታከመው መታከም ከጀመረ በኋላ ማስታረቁ ይጀመራል። መርሑ አንድ ነው፤ ይለዩ፣ ግን አይራቁ። ሁለት ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ ብታስቀምጧቸው በየቀኑ የበለጠ ባዕድ ይሆናሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ተንቀሳቃሽ የሽቦ አጥር በሁለት ረድፍ ያቁሙ፤ በሁለቱ አጥሮች መካከል ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ክፍተት ይኑር። ነጠላ አጥር አይበቃም፤ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫና የእግር ጣት ይነካከሳሉ፣ እንዲህ የተቆረጠ ከንፈር ሰፍቻለሁ። ድርቆሻቸውንና ምግባቸውን በአጥሩ ግራና ቀኝ ያስቀምጡ፤ እየተያዩ፣ እየተሸታተቱ ይብሉ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቦታ ያለዋውጧቸው፤ ቡሬ ዳማ በነበረችበት ያድራል፣ የእርሷን የመጸዳጃ ሣጥን ይጠቀማል፣ እርሷም የእርሱን። ልጅዎ የምትችለው ሥራም እዚህ አለ። ንጹሕ ጨርቅ ይዛ የቡሬን ጉንጭና አገጭ ታሻሽ፤ ያንኑ ጨርቅ ዳማ ድርቆሽ በምትበላበት አጠገብ ታስቀምጠው፤ በማግስቱ በተቃራኒው ታድርግ። ስታለቅስ የሰነበተች ልጅ የጓደኞቿን ሽታ መልሳ የምትቀላቅለው እርሷ መሆኗን ስታውቅ ልቧ እንደሚረጋ ከሌሎች ቤተሰቦች አውቃለሁ።

የቡሬ ቁስል እስኪደርቅና አፉ እስኪድን አትቸኩሉ፤ አንድ ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ሁለትም ሊሆን ይችላል። ምልክቱን የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። አጥሩን ተጠግተው ሆዳቸውን ዘርግተው ጎን ለጎን መተኛት ሲጀምሩ፣ አንዱ ሲበላ ሌላውም አብሮ መብላት ሲጀምር፣ አጥሩን መንከስና ማጉረምረም ሲያቆሙ ጊዜው ደርሷል። ያን ጊዜም የሚገናኙት ከዚህ በፊት አንዳቸውም በማያውቁት ቦታ ይሁን፤ ለብዙ ሰው የሚመቸው ኮሪደር ወይም መታጠቢያ ክፍል ነው። ወለሉን በውሃ በቀጠነ አቼቶ ጠርገው ያድርቁና ትልቅ አንሶላ ወይም ብርድ ልብስ ያንጥፉበት፤ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ያለች ጥንቸል ትፈራለች፣ የፈራች ደግሞ ትነክሳለች። መደበቂያ ካስቀመጡ በሁለት በኩል ክፍት ይሁን፤ አንድ በር ብቻ ያለው ሣጥን ወጥመድ ይሆናል። በመካከሉ ሰፋ ያለ የድርቆሽ ክምር ያድርጉ። ሰዓቱን ከቀትር ይምረጡ፤ ጥንቸሎች የሚነቁትና የሚቃበጡት ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ እንቅልፋም ናቸው።

መጀመሪያ ቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። እርስዎ አጠገባቸው መሬት ላይ ይቀመጡ፤ ትራሱ ከእጅዎ አይራቅ። ምንም ሳይነጋገሩ፣ አንዱ በዚያ ጥግ ሌላው በዚህ ጥግ ፊቱን ሲያጥብ ካለፈ ጥሩ ቀን ነው፤ መተላለፍ በጥንቸል ዘንድ ስድብ አይደለም። ዳማ ጀርባው ላይ ብትወጣ ቡሬ እስከታገሠ ድረስ ጥቂት ሰከንድ ይተዋት፣ ከዚያ በቀስታ ያውርዷት። በፊት ለፊቱ በኩል ራሱ ላይ ከወጣች ግን ወዲያው ያንሷት፤ ሆዷና ብልቷ ከጥርሱ ሥር ስለሚሆን አንዲት ንክሻ ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። ጆሮ ወደ ኋላ ሲለጠፍ፣ ጅራት ሲቀሰር፣ ሰውነት ሲገተር ካዩ ሳይነካከሱ በመሐላቸው ትራሱን ያስገቡ። ግንኙነቱን ሁልጊዜ ገና ሰላም ሳለ ይጨርሱት። «ዛሬ ጥሩ ሆነዋል፣ ትንሽ እንጨምር» የሚለው ፈተና ብዙ ሰው ያሰናክላል፤ በ15ኛው ደቂቃ የተላላሱት በ40ኛው ደክሟቸው ሲነካከሱ አይቻለሁ።

ከቀን ወደ ቀን ጊዜውን ያራዝሙ፤ ከአንድ ሰዓት ወደ ግማሽ ቀን። ከአንድ ክምር አብረው ሲበሉ፣ ተደጋግፈው ሲተኙ፣ በተለይም ሁለቱም እየተፈራረቁ ሲላላሱ ወደ መጨረሻው ቀርበዋል። አንዱ ብቻ ሁልጊዜ የሚልስ፣ ሌላው ፈጽሞ የማይመልስ ከሆነ ገና ነው። በአዲሱ ቦታ እርስዎ እያሉ 48 ሰዓት ያለ ምንም ማሳደድ አብረው ካሳለፉ ወደ ቀድሞ ክፍላቸው ይመለሱ፤ ከመመለሳቸው በፊት ክፍሉ በአቼቶ ይታጠብ፣ የዕቃዎቹ ቦታ ይቀያየር፣ ዳማ «የኔ ጥግ» የምትለው ጥግ እንዳይኖር። በክፍሉም የድርቆሽ ሣጥኑ፣ የውሃው ሳህን፣ የመጸዳጃው ሣጥን ከእንግዲህ ሁለት ሁለት ይሁን። 3 ዓመት ከአንድ ሣጥን መብላታቸው ያምራል፤ ነገር ግን አፉን የሚያመው ቡሬ ቀስ ብሎ ሲበላ ፈጣኗ ዳማ ትቀድመዋለች፣ ቅሬታውም ከዚያ ይጀምራል። የተጨመቀውን መኖ በሳህን ከማቅረብ በድርቆሹ ውስጥ በትነው ቢሰጡ ይሻላል፤ ፍለጋው ራሱ ሥራ ይሆናቸዋል። የቦታውም ስፋት ይታሰብበት፤ በብሪታንያ ያለው የጥንቸል ደኅንነት ማኅበርና ፈንድ ለሁለት ጥንቸሎች ቢያንስ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ዘወትር ክፍት እንዲሆንላቸው ይመክራል፤ ሮጦ ማምለጥ የሚችል ጥንቸል መንከስ አያስፈልገውምና።

አንዳንዶች የተጣሉ ጥንቸሎችን በአንድ ሣጥን ከትተው በመኪና ማዞርን ወይም ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥን ይመክራሉ፤ ሁለቱም ሲፈሩ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። እኔ አልመክረውም። በፍርሃት የተጠጋ እንስሳ ፍቅር ስላገኘ አይደለም የተጠጋው፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ጠቡ ባለበት ይቆያል፣ በመሐሉ ግን ገና ከማደንዘዣ የወጣ የቡሬን አንጀት ያህል ነገር ለአደጋ አጋልጠናል።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ። ቤታቸው ሰላም እንዲሆን ፈልገው እንደተናገሩ ይገባኛል፤ ጥንቸል ብቻዋን ትኖራለች የሚለው እምነትም ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። በእርሻ ዳር፣ በቁጥቋጦ ሥር ስትፈተለክ የምናውቃት ጥንቸል ሌላ እንስሳ ናት፤ ጉድጓድ አትቆፍርም፣ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻዋ ትውላለች፣ ልጆቿም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ሰው በቤት የሚያለምዳት ግን ከአይቤሪያ ባሕረ ገብ መሬት ከመጣችው የአውሮፓ ጥንቸል የተገኘች ናት፤ ይህችኛዋ በጉድጓድ ከተማ ውስጥ በቡድን የምትኖር፣ ራቁታቸውንና ዓይናቸው ሳይከፈት የተወለዱ ልጆቿን ከመሬት ሥር የምታሳድግ ናት። በአማርኛ ለሁለቱም አንድ ስም ስለሰጠናቸው የአንዷን ጠባይ ለሌላዋ እንሰጣለን። ዳማን ለሰው ብትሰጡ ሁለታችሁም ያሰባችሁት ሰላም አይገኝም፤ እርሷ እንግዳ ቤት፣ ምናልባትም እንግዳ ጥንቸል ይጠብቃታል፣ የታመመው ቡሬ ደግሞ ብቻውን ይቀራል። ለሁለት ወር ያህል ይታገሡ፤ ከሁለት ወር በኋላም ሳይስማሙ ቢቀሩ እንኳ በዚያው ባለ ሁለት ረድፍ አጥር ጎን ለጎን፣ እየተያዩ፣ እየተሸታተቱ ዕድሜያቸውን ሊኖሩ ይችላሉ። እንዲህ የሚኖሩ ጥንዶችን አውቃለሁ፤ ሌሊት ሌሊት በአጥሩ ግራና ቀኝ ጀርባቸውን አስጠግተው ይተኛሉ።

አንድ ነገር ቀርቷል። የመንጋጋ ጥርስ አንዴ ከተበላሸ ሞረዱ ብዙ ጊዜ በየጥቂት ሳምንቱ የሚደጋገም ስለሆነ ቡሬ በቅርቡ እንደገና ቀጠሮ ይኖረዋል። በዚያን ቀን ዳማም አብራው ትሂድ። እስከዚያ ታርቀው ከሆነ በአንድ ሰፊ ሣጥን፣ ካልታረቁ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ሣጥኖች ይውሰዷቸው፤ ከሥራቸው የሚያነጥፉት ፎጣ ሁለቱ የተኙበት፣ ያልታጠበ ይሁን። ለክሊኒኩ ሰዎች አስቀድመው ደውለው ጥንዶች መሆናቸውን፣ ሁለቱም ከውሾች ርቀው እንዲቀመጡና ቢቻል በዚያው ቀን እንዲመለሱ ይንገሯቸው። ጥንቸል ስለማታስመልስ ከማደንዘዣ በፊት አትጾምም፤ ስለዚህ ድርቆሽና የለመዱትን ቅጠል ይዘው ይሂዱ፣ ቡሬ እንደነቃም ከዳማ አጠገብ ሆኖ እንዲበላ ይጠይቁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሽታ ይዘው ወደ ቤት ከገቡ፣ ዳማ በሩ ላይ የምታሸተው እንግዳ አይኖርም።